ለእኔ ብለው የተመረመሩት ሴት

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ በነበረችው ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት ሁለት ሴቶች እንሠራ ነበር። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አራተኛ ወር ይዤ ነበር። ሌላዋ፣ ሙያውን ያስተማሩኝ ሴት፣ የወሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ያኔ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እትዬ እላቸዋለሁ።

የእርግዝና ክትትል ስጀምር ነርሷ የኤች አይ ቪ ምርመራም እንዳለ ነገረችኝ። «ባለቤቴን ላማክር» ብዬ ወጣሁ። ባሌ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ስነግረው «ምነው፣ ጠረጠርሽኝ እንዴ?» አለኝ።

የከለከለኝ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴት ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር ናቸው። ፊቴን አይታ ምን ትል ይሆን እያልኩ ሁለት ቀጠሮ ዘለልኩ።

እትዬ ነገሩ ገባቸው። «እንግዲያው ማንም ወደማያውቀን እንሂድ። እኔም አብሬሽ እመረመራለሁ።»

«እርስዎ ምን አለብዎትና?»

«ምንም። ለዚህ እኮ ነው የማልፈራው።»

ከቴዎድሮስ አደባባይ በታክሲ ራቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄድን። ደም ሰጠን፤ ውጤቱን ለየብቻ ነገሩን። እኔ ነፃ ነበርኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ስጠብቃቸው በጣም ቆዩ። ወጥተው «ያንቺስ?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። «እኔ ግን አለብኝ።»

እዚህ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ማልቀስ ስጀምር ተቆጡኝ። «አንቺ ነሽ እንዴ ያስያዝሽኝ? አንቺ ባትፈሪ ኖሮ እኔ መች አውቅ ነበር!»

መድኃኒቱን ወዲያው ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ራሳቸውን ያዞራቸው ስለነበር ጨርቅ መቁረጡን እኔ ያዝኩ።

ባሌ ውጤቴን ሲሰማ «ያንቺ ከታወቀ የእኔም ታወቀ ማለት ነው» አለ። እንደዚያ እንዳልሆነ የመረመረችኝ ነርስ ነግራኝ ስለነበር አልለቀቅኩትም። ሁለት ወር ከተጨቃጨቅን በኋላ ሄዶ ተመረመረ፤ እሱም ነፃ ሆነ።

ስፌት ቤታችን ለልማት ስትፈርስ ወደ ጊዮርጊስ ተዛወርን። እትዬ ዛሬም በጤንነት ይሰፋሉ። ለልጃቸው ለመናገር ግን ዓመት ፈጀባቸው። የነገሯት ዕለት እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው ነው። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና እንባዋን ጠርጋ «መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ነው የምትውጪው?» አለቻቸው። ነገሯት። ስልኳን አውጥታ ለዚያ ሰዓት የማስታወሻ ደወል ሞላች።