ቀለሙን ያጠፋው ጣት

ልጄ ጥርት ያለ ሥዕል አይወድም። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ጂንካ ሲመጣ ላፕቶፑ ላይ የድሮ ጌም ይጭንና የጥንቱን ቴሌቪዥን ለማስመሰል ይደክማል። ጥቁር መስመሮች ያስገባል፣ ጠርዙን ያጎብጣል፣ የማልያው ቀይ ከተጫዋቹ ገላ ወጥቶ ሜዳው ላይ እንዲፈስ ያደርጋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ጠራኝ።

«አባ፣ እንዲህ ነበር?»

«ቀዩን ጨምር። መብራት ሲደክም ደግሞ ሥዕሉ ከግራ ከቀኝ ይጠብ ነበር።»

እሱንም አደረገው። ቀጥሎ አንድ ነገር ነካና ቀለሙ ድርግም አለ፤ ጥቁርና ነጭ ሆነ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት እንዲህ የጠፋ ቀለም አውቃለሁ፤ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ጋሼ ማቴዎስ ከወላይታ መጥተው ገበያው ጫፍ ጌም ቤት የከፈቱ ሰው ነበሩ። ሠራተኞቻቸው እኔና አይቄ ነበርን። አይቄ ቀይ አፈር ከምትባለው ከተማ የመጣ የበና ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ስምንተኛ ክፍል ይማራል፣ ማታ እዚያው አግዳሚው ላይ ይተኛል። ያ ሥራ ከቀረ ማደሪያውም ትምህርቱም ይቀራል። ሪሞቱን የሚይዘው እሱ ነበር፣ ማንበብ ስለሚችል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን እንደሚያነብ ሰው ግንባሬን መቋጠር አውቅበታለሁ።

የማንጎ ወቅት ነበር። ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ጆይስቲኩ በተጫዋቾቹ እጅ ማንጎ ማንጎ ይሸታል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። አይቄ ትምህርት ቤት ነው። አንዱ ተጫዋች፣

«ይሄ ማልያ በበረኪና ነው እንዴ የታጠበው? አንተ፣ አስተካክለው እንጂ! ወይስ አይቄን እንጥራልህ?» አለ።

ሳቁ። ተናድጄ ሪሞቱን አነሣሁ። ስጫነው ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ ተደረደረ። አይቄ እንደሚያደርገው ተጫንኩ፤ ቀለሙ ጠፋ። ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ጽሑፉም ጠፋ።

«ለቅሶ ቤት አደረግኸው!» ብለው እየሳቁ ወጡ።

ጋሼ ማቴዎስ ሲገቡ አይቄም ደብተሩን በብብቱ ይዞ ደረሰ።

«ማነው የነካው?»

«ሪሞቱን የሚይዘው አይቄ ነው» አልኩ። ይህ ሐሰት አልነበረም። ክፋቱም እሱ ነው።

«በአባቴ እምላለሁ ጋሼ፣ አልነካሁም!»

«እኔ ቤት መሐላ የለም። ቃላችሁ አዎ ወይም አይደለም ይሁን፤ ምሎ የሚናገር ሰው ነገሩ ሌላ ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። «አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

በቃ፣ አመኑኝ። በአይቄ አገር መሐላ ማለት እውነት ማለት ነበር፤ እሳቸው ዘንድ ግን የወንጀለኛ ምልክት ሆነበት።

«ሪሞቱን ይስጡኝና ልየው» ብሎ አይቄ ለመናቸው።

«ጨርሰህ ልታጠፋው?»

የሳቁብኝ ሁሉ ያውቁ ነበር። ለአንድ በና ብሎ አፉን የከፈተ ግን የለም። በማግስቱ ወደ ቀይ አፈር በሚሄድ አይሱዙ ላይ፣ ከማሽላ ጆንያ በላይ ተቀምጦ ሄደ። ትምህርቱንም አልቀጠለም። እኔ ደሞዜን እየበላሁ ቆየሁ፤ ቴሌቪዥኑም ጥቁርና ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ አምስት ዓመቴ ላይ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። የእንግሊዝኛውንም ለቃቀምኩ። አንድ ቀን ያንኑ ቴሌቪዥን፣ ጋሼ ማቴዎስ ቤት ጥግ ተጥሎ አቧራ ለብሶ ሳለ፣ ሰካሁትና ጽሑፉን አስወጣሁ። «ከለር» የሚለውን አንዷን ፊደል ከሌላዋ እያያያዝኩ አነበብኩ። አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ቀዩ መጣ። ለካ ምንም አልተበላሸም ነበር። ሰው ማንበብ ሲጀምር ብርሃን አየሁ ይላል፤ እኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ከዚያም በኋላ ዓመታት ዝም አልኩ። ባለፈው ሐሙስ ግን ቀይ አፈር ገበያ ሄድኩ። አይቄ ከመኪና ጆንያ ያወርዳል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ጠላ ልጋብዝህ ሳልል፣ ቀለሙን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን እዚያው ቆሜ ነገርኩት።

ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ሪሞቱን ቢሰጡኝ ኖሮ አስተካክለው ነበር» አለ።

«አዎ፣ ታስተካክለው ነበር።»

ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ትከሻው ላይ አደረገና ሄደ።

ሰው ሲናገር ይቀለዋል ይላሉ። እኔን አልቀለለኝም። እንዲቀልልኝም አልሄድኩም።