የመርሳ እርምጃ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.። በስፌት መኪናው ላይ ያልተጨረሰ ቢጫ ቀበቶ ተገኘ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ፣ ስፋቱ አራት ሳንቲሜትር ነው። የካራቴ ቀበቶ ከዳር እስከ ዳር ስምንት መስመር ስፌት ይፈልጋል። ይህኛው አምስት አለው፤ ስድስተኛው መሐል ደርሶ ቆሟል፤ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ነው። ወንድሜ አብዱልሐሊም በዚያ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ፣ መርሳ በሚገኘው የልብስ ስፌት ቤቱ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ልቡ ቆመ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ቀበቶውን የሚሰፋው ለተማሪ አልነበረም፤ ለራሱ ነበር። ቢጫ ከነጭ ቀጥሎ የሚመጣ የጀማሪ ቀበቶ ነው። አብዱልሐሊም ደግሞ በመርሳ አሥራ አራት ዓመት ካራቴ ያስተማረ፣ ቡኒ ቀበቶ የታጠቀ ሰው ነው። ከቡኒ በላይ ያለው ጥቁር ብቻ ነው። ለተዝያ ሊያጽናኑን የመጡ ሰዎች ይህን ቀበቶ እያዩ፣ እንዲህ ያለ ሰው የልጅ ቀበቶ ለምን ይሰፋል ብለው ጠየቁኝ። እኔ ወልድያ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ጥያቄው መልስ አለው፤ መልሱም ማስረጃ አለው።

ካራቴን ወደ መርሳ ያመጡት ማስተር ኣማኒኤል ናቸው፤ የወልድያ ሰው፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ። በ1992 ለሥራ መጥተው ሦስት ዓመት ተቀመጡ። ማክሰኞና ቅዳሜ ጎረምሶችን ሰብስበው በገበሬዎች ማኅበር የእህል መጋዘን ውስጥ ያሠለጥኑ ነበር። ወንድሜ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። በ1995 ሲሄዱ ወገባቸው ላይ የነበረውን ቡኒ ቀበቶ ፈትተው ለሱ አስታጠቁት። በ2001 አረፉ። ወንድሜ በ2003 ያንኑ መጋዘን አስፈቅዶ፣ ቁልፉን ተቀብሎ ማስተማር ጀመረ። የተማሪዎቹን ቀበቶ ሁሉ በገዛ እጁ ይሰፋ ነበር። ለነጩ አቡጀዲ ይበቃዋል፤ ሌላውን ከወልድያ ገበያ ቀለሙን በፀሐይ አገላብጦ ካላየ አይገዛም። ባለሱቆቹ «ሙሽራ የምትለብሰው ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ሥልጠናው የራሱ ልማዶች ነበሩት። በካራቴ ሥርዓት አስተማሪና ተማሪ ሲገናኙ ጎንበስ ይላሉ። ወንድሜ ጎንበስ ማለት ለአላህ ብቻ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ ተማሪዎቹ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ብቻ ነቅነቅ ያደርጉ ነበር። ክርስቲያኖቹም እንደዚያው። በመጋዘኑ ወለል መሐል ደግሞ ድስት የሚያህል ክብ ሲሚንቶ አለ፤ ከቀረው ወለል ይልቅ የጠቆረ። ተማሪዎቹ «እምብርት» ይሉታል። ማንም አይረግጠውም። ለምን እንደማይረገጥ ብጠይቅ አንዱም አላወቀም። ትልልቆቹ አይረግጡትም፤ ትንንሾቹም አይረግጡትም።

ነገሩ የተነሳው በጥር 2017 ነው። ወልድያ ውስጥ ማስተር ሃፍተ የሚባሉ፣ ጥቁር ቀበቶ ያላቸው የሃምሳ ዓመት ሰው አሉ። የመርሳ ተማሪዎችን ደረጃ በክለባቸው መዝገብ ላስፍር፤ ከዚያ በኋላ የትም ሄደው መወዳደር ይችላሉ አሉ። ወንድሜ ሠላሳ አንድ ተማሪ ነበረው። ከሁሉ የበለጠችውን ከድጃን፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ባለሰማያዊ ቀበቶ፣ ለቡኒ እንድትፈተን ላካት። እኔም ወልድያ ስለምኖር ሄጄ አየሁ።

ካታ የሚባል ነገር አለ። ባላጋራ ሳይኖር፣ እንዳለ ተቆጥሮ የሚደረግ ውጊያ ነው፤ የእያንዳንዱ እርምጃና ምት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ካታ ሄያን ሾዳን ይባላል። ጀማሪ ይማረዋል፤ ባለጥቁርም እስኪሞት ይሠራዋል። ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ግራና ቀኝ ይዞራሉ፣ በሄዱበት መስመር ይመለሳሉ፣ የጀመሩበት ቦታ ላይ ያበቃሉ። ማስተር ሃፍተ ከከድጃ እግር ሥር በጠመኔ ምልክት አደረጉና ጀምሪ አሏት። ልጅቱ እንደ ሰይፍ ነበረች። ስትጨርስ ግን ከጠመኔው አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ቆማለች።

አስደገሟት። ያው ሆነ። በሦስተኛው እግሯን ብቻ አዩ። ወደ ፊት ስትሄድ፣ ሁለተኛውን ወደ ላይ የሚመክት ክንድ ከማንሳቷ በፊት፣ ገለል ትላለች። ማስተር ሃፍተ ይህቺ እርምጃ ከየት መጣች ብለው ጠየቁ። ከድጃ እንደተማረችው መለሰች፤ ከፊት ለፊት ጦር የያዘ ሰው ስለሚመጣ ከጫፉ ማምለጫ ናት አለች።

ማስተር ሃፍተ አልሳቁም። ለወንድሜ ደውለው የነገሩት እኔ ፊት ነው። ሰላምታችሁ ከኛ ቢለይ ግድ የለኝም፣ እሱ ልማድ ነው፤ እርምጃ ግን ካታውን ሌላ ያደርገዋል አሉት። የሌላ ስልት ከሆነ ማስረጃ አምጣ፣ በዚያው ስልት እመዘግባቸዋለሁ፤ ካልሆነ ሠላሳ አንዱም ከመጀመሪያው ካታ ጀምረው ይፈተናሉ። ወንድሜ ማስረጃ ፍለጋውን ለኔ ሰጠኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር፤ ወረቀት ያለበት ነገር የኔ ነው።

ስለ ካራቴ የማውቀው ትንሽ ነበር። ብዙ ስልቶች እንዳሉት ያኔ ተረዳሁ። ማስተር ሃፍተ የሚከተሉት ሾቶካን ረጅምና ዝቅ ያለ አቋቋም ይወዳል። ዋዶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ምት ሲመጣ ከመንገዱ ገለል ማለትን ያስተምራል። ጎጁ አጭር ቆሞ ትንፋሹን ያጠነክራል፤ ይህን ካታ ከቆዩት ካታዎቹ ውስጥ የለውም። ሺቶ የካታ ሀብታም ነው። ዋዶን ሳገኝ ልቤ ዘለለ፤ ገለል ማለት የኛ ነገር ነዋ። ማስተር ኣማኒኤልም ጥቂቱን አዲስ አበባ፣ ጥቂቱን ከጓደኛ፣ ጥቂቱን ከመጽሐፍ እንደተማሩ ይናገሩ ነበር። ዋዶና ሺቶ ይኸንኑ ካታ ፒናን ኒዳን ይሉታል። በስልኬ አሥራ ዘጠኝ ቪዲዮ አየሁ፤ የእያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ላይ ሳልኩ። አቋቋሙ ይለያያል፣ የእጁ አነሳስ ይለያያል። ያቺ እርምጃ ግን በአንዱም የለችም።

ከዚያ ሰው ወደ መፈለግ ዞርኩ። የማስተር ኣማኒኤል እህት ወይዘሮ ፀዳለ ወልድያ ውስጥ ይኖራሉ። የወንድማቸውን ወረቀቶች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣሉ። የምስክር ወረቀት አልነበረም። አንድ ፎቶ ግን ነበር፤ ጀርባው ላይ «መርሳ፣ ሚያዝያ 1993» ይላል። ስድስት ልጆች ነጭ ለብሰው በመጋዘኑ ውስጥ ክንዳቸውን አንስተዋል። አንዱ አብዱልሐሊም ነው፤ ጆሮው ከራሱ የሚበልጥ። እሱ ሊሄድበት በሚገባው መስመር ላይ አንድ ወፍራም የጽድ ምሰሶ ቆሟል። እሱ ከምሰሶው በስተቀኝ ነው።

በማግስቱ መርሳ ወረድኩና የመጋዘኑን ጠባቂ አያ ፋንቱን ጠየቅኳቸው። ሠላሳ ዓመት እዚያው የኖሩ ናቸው። ምሰሶው የት እንደሄደ ስጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ ገረማቸው።

«ያ የመሐሉ? ጣሪያው በብረት ሲቀየር ነቀሉት እንጂ። በዘጠና ስድስት። ጉድጓዱን በሲሚንቶ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ምነው፣ ተሰነጠቀ እንዴ?»

እምብርቱ እሱ ነበር።

ወንድሜ ምሰሶውን ጨርሶ ረስቶት ኖሯል፤ ትዝ ያለው ፎቶውን ሲያይ ነው። ከዚያ ከአንገቱ የማይለየውን ሜትር አውርዶ መጋዘኑ ውስጥ ተንበረከከና ካታው ከሚጀመርበት ቦታ እስከ ሲሚንቶው ለካ። ሁለተኛው እርምጃ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ተነስቶ ካታውን ቀጥ አድርጎ ሊሠራ ጀመረ። እግሩ ሲሚንቶው ጋ ሲደርስ ገለል አለ። ደገመ፤ ገለል አለ። በሦስተኛው ቆመና ሳቀ።

«ዙልፋ፣ እግሬ አላመነሽም» አለኝ።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነገር ነበር። ስለ ጦር ያዡ ማን ነገረህ አልኩት።

«ማንም። ከድጃ ትንሽ ልጅ ሆና ይህቺ እርምጃ ለምንድን ናት ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩ።»

ማስተር ሃፍተ ሲሰሙ ደግ ሰው ናቸውና መውጫ ሰጡት። ለማንም ሳትናገር አስተካክላቸው፤ እኔም ዝም ብዬ እፈትናለሁ አሉት። ወንድሜ ሁለት ቀን አሰበበት። የፈራው ምን እንደሆነ ነግሮኛል። እርምጃዋ ስህተት ከሆነች የሚጠፋው እርምጃው ብቻ አይደለም፤ አሥራ አራት ዓመት ያስተማረው ሁሉ ቀልድ ነው ብለው ይበተናሉ። ዝም ቢል ደግሞ፣ ለሁለተኛ ጊዜ አላውቅም ማለት አፍሮ መዋሸቱ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን ሠላሳ አንዱንም በወለሉ ዙሪያ አስቀምጦ ፎቶውን አስተላለፈላቸው። ምሰሶውን ነገራቸው። ጦር ያዡን ከራሱ እንደፈጠረውም ነገራቸው። ኢዘዲን የሚባል፣ በቀልዱ የታወቀ ባለአረንጓዴ ቀበቶ ጎልማሳ «ታዲያ የሌለ ምሰሶ ስንሸሽ ኖርን በሉና» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከድጃ ብቻ አልሳቀችም።

«ማስተር፣ ያ ሰውዬ አልነበረማ?»

«አልነበረም።»

«እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ በሕልሜ አየው ነበር። የኔ ቀበቶ እንግዲህ ከየት ይቆጠራል?»

ወንድሜ ቡኒ ቀበቶውን ፈታ፤ አጣጥፎ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠው። ከቦርሳው ነጭ ቀበቶ አውጥቶ ታጠቀ። እናንተ ያላችሁበት ቆዩ፣ ተሳስቶ ያሳሳታችሁ እኔ ነኝ፣ እኔ ከነጭ እጀምራለሁ አላቸው። የእያንዳንዱን ፈተና በየተራው፣ ከቢጫ ጀምሮ፣ ማስተር ሃፍተ ፊት ሊወስድ ወሰነ። ለተማሪዎቹ አዲስ የደረጃ መዝገብ ሲከፍት በአንደኛው ተራ ቁጥር ላይ የጻፈው የራሱን ስም ነው። «የተፈተነበት ቀን» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። ባዶ እንደሆነ ይቆያል፤ እኔ ያልሆነ ነገር አልሞላበትም።

አራት ተማሪዎች ከዚያ በኋላ አልመጡም። ስማቸውን አልጽፍም። ከድጃም ሁለት ሳምንት ቀረች፤ ወንድሜ ስፌቱን እየተወ ወደ በሩ ያይ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሰማያዊ ቀበቶዋን እንደታጠቀች መጣች። ይህን አልፈታም፣ እግሬን ግን አርሙልኝ አለችው። እሱም ልክ ናት አለ።

ማረሙ ግን አልሆነም። መጋዘኑ ውስጥ ሁሉም ሲሚንቶው ጋ ሲደርሱ ገለል ይላሉ፤ እንዲረግጡት ሲታዘዙ ደግሞ ወደ እግራቸው እያዩ ይደናበራሉ። በመጨረሻ ወንድሜ ከከተማው ዳር፣ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ላይ አወጣቸው። ምሰሶ የለ፣ እምብርት የለ። አላፊ አግዳሚው ምን ልትወጉ ነው ይላቸው ነበር። መነሻቸውን በጠጠር እያመለከቱ አምስት ሳምንት ሠሩ። ሚያዝያ 11 ቀን ከድጃ ወልድያ ሄዳ ማስተር ሃፍተ ፊት ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች፤ ጀመረች፤ ጠመኔው ላይ ጨረሰች። ወንድሜ የሰፋላትን ቡኒ ቀበቶ የዚያን ቀን ታጠቀች። የእሱ የቢጫ ፈተና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር።

የሞተ ዕለት ጠዋት ያደረገውን ሰብስቤያለሁ። ሱቁን ከፈተ፤ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ ሰፋ። አራት ሰዓት ላይ ዘግቶ ወደ መጋዘኑ ሄደ። አያ ፋንቱ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሜዳው ስለተሻለን መጋዘኑን ለሚፈልገው ስጡት ብሎ፣ አሥራ አራት ዓመት የያዘውን ቁልፍ አወጣ። አያ ፋንቱ ክረምት ሲገባ ምን ልትሆኑ ነው አሉት። ኢንሻአላህ እንደ ገበሬው እንርሳለን አላቸው። ከዚያ ከደብተሩ ቅጠል ቀድዶ በራሱ እጅ ጻፈና አስፈረማቸው። ወረቀቱ ከኪሱ ተገኝቷል፤ አሁን እኔ ዘንድ ነው።

«ሚያዝያ 14 ቀን 2017። የመጋዘን ቁልፍ አንድ፣ ከነማንጠልጠያው ተረክቤያለሁ። ፋንቱ።»