በተር የነካው ስኳር ድንች

ልጅ ሳለሁ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ የታንክስጊቪንግ ዕለት፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ የኔና የአባባ ነበር። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ላንድማርክ ሰፈር ባለችው ጠባብ አፓርትመንታችን ከኛ ጋር ይኖሩ ነበር። በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ስለሚውል፣ ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና አድርገን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ቤት ስንደርስ ዘመድ ሁሉ ተርኪውን፣ የበዓሉን ትልቅ ዶሮ፣ ሲከብ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም ነበር።

ኦቭኑ ውስጥ ሁለት ስኳር ድንች ከነልጣጩ ይከቱና በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የኔ። ያኔ የኦቭኑ ትንሽ መብራት በመስታወቱ አልፎ ጉልበታቸውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ከድንቹ ያፈተለከው ስኳር ትሪው ላይ ጠብ ብሎ ሲያር ጭሱ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል፤ የወጥ ቤቱ መስኮት በእንፋሎት ስለሚሸፈን በጣቴ እሥልበታለሁ። ከሳሎን የፉትቦል ጩኸት ይመጣል። እኔ ግን የምሰማው የሳቸውን ድምፅ ብቻ ነበር፤ ረሃባቸውን የሚያታልሉት በተረት ነበርና። በዚህ ሰሞን ሰዎች «ለትንንሹም ነገር እናመስግን» ሲሉ እኔ የማውቀው ትንሽ ነገር ይኸ ነው። የተቀማሁትም ይኸንኑ ነው።

ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት የጀመሩልኝ ተረት ጾም ይዣለሁ ስላለ ጅብ ነበር። ጅቡ አንድ መንደር ዳር ይሰፍርና «ከእንግዲህ ሥጋ አልቀምስም» ብሎ ይምላል። ማን ይመነው! ፍየሏ ትስቅበታለች፣ ውሻው ይጮኽበታል፣ አህያዋ ብቻ ታዝንለትና በየቀኑ ዱባ ታደርስለታለች። አባባ የጅቡን ድምፅ ሲያወጡ ጉሮሯቸው ውስጥ ድንጋይ የሚንከባለል ይመስል ነበር። አንድ ቀን ታዲያ አህያዋ ዱባዋን ይዛ ስትደርስ ዶፍ ዝናብ ይወርድና ጅቡ «ግቢ፣ እዚሁ እደሪ» ይላታል። ገባች።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እነግርሻለሁ፤ እየበላን።»

ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጸሎታቸውን ሊያደርሱ ተነሥተው ወጡ። ያኔ የአክስቴ ባል፣ ጋሽ ታምሩ፣ ወጥ ቤት ገባ። ድንቾቹን አወጣ፣ የአባባን በቢላ ሰነጠቀና ውስጡን በተር፣ የፈረንጁን ቅቤ፣ ቀባው። ቀልጦ እስኪጠፋ ጠበቀና ልጣጩን መልሶ ገጠመው። እኔን አየኝና ጠቀሰኝ። እኔም ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ! ከትልቅ ሰው ጋር ምሥጢር መያዝ ደስ አለኝ።

አባባ ተመልሰው ባርከው ቆረሱ። ሁለቴ ጎረሱና «የዘንድሮውስ እንዴት ይጣፍጣል!» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው።

ጋሽ ታምሩ በሩ ላይ ቆሞ «በተሩ ነዋ፣ አባባ! አይዞዎት፣ አሜሪካ ነው፣ ዛሬ ሁሉም ኦፍ ነው፣ ጾሙም!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

አባባ አፋቸው ውስጥ የቀረውን በናፕኪን ተፉት። ቧንቧው ጋ ሄደው ተጉመጠመጡ፤ ደግመው ተጉመጠመጡ። እናቴ የሰው ቤት ነው ብላ ሳህን ማነሣሣቷን ቀጠለች። አክስቴ «ታምሩ ደግሞ፣ ቀልዱን አይተውም» አለች። ዛሬም ደሜን የሚያፈላው ያ «ቀልድ» የሚሉት ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያልገደፉትን ጾም አታሎ ማስገደፍ ቀልድ ከሆነ ነውር የሚባለው የቱ ነው?

በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ሲቀመጡ ወደኔ ዞረው ቀስ ብለው «አንቺ አይተሽ ነበር?» አሉኝ።

«አይ ዶንት ኖው» አልኳቸው።

አባባ እንግሊዝኛ አይሰሙም ነበር። ይቺን «አላውቅም» ግን ከኔ አፍ ብዙ ጊዜ ስለሰሟት ያውቋት ነበር።

ንስሐ አባታቸው «ሳያውቁ ነው የበሉት» ቢሏቸውም የቀረውን ጾም በሙሉ እስከ ማታ አደረጉት። በሚቀጥለው ዓመት ድንቻቸውን ቤት አብስለው፣ በፎይል ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ ኦቭኑ ፊትም አልተቀመጡም። አልተቆጡኝም። ፀጉሬን መዳበሱንም አልተዉም። ተረቱን ግን አልጨረሱልኝም፤ እኔም «ከዚያስ?» የምልበት ፊት አልነበረኝም። ሲሞቱ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የሳቸው ተረት ተቀብሮ የጋሽ ታምሩ ወሬ በሕይወት መኖሩ ነው። በየዓመቱ ተርኪው ሲቆረጥ ያቺን ቀን ያወራታል። በየዓመቱ አባባ እንዴት እንደተፉ ያስመስላል፤ በየዓመቱ ይሳቃል። እኔም ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ልጅ ወልጄ፣ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬ ሰምቼዋለሁ። በሱ ብቻ መናደድ ብችል ኖሮ ድሮ ይወጣልኝ ነበር።

ዘንድሮም ጀመረ። ልጄ ሜላት ስምንት ዓመቷ ነው። እንደ ሌሎቹ ስትስቅ ቆየችና ወደኔ ዞራ «ማሚ፣ ዲድ ዩ ሲ ዘ በተር?» አለችኝ፤ አባባ የጠየቁኝን ያንኑ ጥያቄ፣ በእንግሊዝኛ።

«አይቼ ነበር» አልኳት፣ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ። «አይቼ ዝም አልኳቸው። ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚያምኑት እኔን ነበር።»

ጋሽ ታምሩ «ኧረ ተይ እባክሽ፣ ይኸ ሁሉ ዓመት አልፎ…» አለ።

«አንተ ነህ የማትተወው!» አልኩት። በዕድሜዬ ጮኼበት አላውቅም ነበር።

ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ስንደርስ ኦቭኑ ውስጥ የከተትኳቸው ሁለት ስኳር ድንቾች ስኳራቸው ትሪው ላይ ማረር ጀምሮ ነበር። ሜላት ተከትላኝ መጣችና ወለሉ ላይ፣ በኦቭኑ መብራት ፊት ተቀመጠች። ስለ ጅቡ ነገርኳት፤ ስለ ፍየሏ፣ ስለ ውሻው፣ ዱባ ስለምታመላልሰው አህያ። ዝናቡ ወርዶ አህያዋ ስትገባ አቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለችኝ፤ እሷም በአማርኛ።

«አላውቅም» አልኳት። ይኸኛውስ እውነቴን ነበር።