አጠገብዎ ሰው አለ?

ለንሳ ከቤይሩት በመጣችበት ሻንጣ ውስጥ፣ ከልብሷ ሥር አንድ ደብተር ነበር። የፊሊፒኖችን ቋንቋ በአማርኛ ፊደል የጻፈችበት ነው። ያስተማረቻት ማሪቴስ ትባላለች፤ አራት ዓመት በአንድ ክፍል አብራት የኖረች ፊሊፒናዊት። በትኩሳት ታማ ለንሳ እጅ ላይ ሞተች። ከአሠሪዋ ጠፍታ በሌላ ሰው ስም ትሠራ ስለነበር፣ ለአገሯ ያረዳ ሰው አልነበረም።

የማሪቴስ እናት ናናይ ሎርና ግን (ናናይ እማማ እንደማለት ነው) በየሳምንቱ ለንሳ ወዳለችበት አምቦ ድረስ ይደውላሉ። "የልጄ ስልክ ለምን አይነሣም?"

"ደህና ናት፤ ሥራ በዝቶባት ነው" ትላለች ለንሳ። ከዚያ ጓሮ ገብታ ታለቅሳለች።

ዝም በይ ያሏት አያቷ እማማ ሲንቄ ነበሩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በልጅ አፍም አይነገርም። ሲነጋጋ፣ አዋቂ ቀድሞ፣ ጎረቤት ደጁን ሞልቶ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ አሉ። ከአምቦ ፊሊፒንስ የሚሄድ ማን አለ? ዘጠኝ ወር አለፈ።

አንድ ቀን እማማ ሲንቄ "በስልክም ቢሆን እኔው አረዳቸዋለሁ" አሉ። "ቋንቋቸውን አስተምሪኝ።"

ፊደል የቆጠሩት በስድሳ ዓመታቸው ነው፤ ለንሳ ልትሄድ ስትል፣ መልእክቴን ራስዎ ያንብቡ ብላ አስተማረቻቸው። አሁንም ጣታቸውን በደብተሩ ላይ እየጎተቱ ጀመሩ።

"አኮ... እኔ።" ቀና አሉ። "እንዴ፣ አኮማ እኔ ነኝ!" ለንሳ አያቷን የምትጠራቸው በኦሮምኛ አኮ እያለች ነውና። ለንሳ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቀች።

"'ኢካው' አንቺ ነው። ለእሳቸው እንዳይሉ።"

"ምን ቆርጦኝ! ልጇ የሞተችባትን ሴት አንቺ ልበል?"

"'ካዮ' ይበሉ። እናንተ ማለት ነው፤ ለአንድ ትልቅ ሰውም ይሆናል። 'ፖ' ደግሞ ይጨምሩበት፤ አክብሮት ነው።"

"እንደኛው ሰው የሚያከብሩ ናቸዋ።"

ያን ሳምንት እማማ ሲንቄ ዶሮ ሲያባርሩ እንኳ "ውጪ ፖ!" ይሉ ጀመር። ጎረቤታቸው ሸዋነሽ "ምነው፣ ዶሮዋን አንቱ አሏት?" ብላ አሾፈችባቸው።

ማክሰኞ ሲነጋጋ ሸዋነሽና አራት የዕድር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ለንሳ በቪዲዮ ደወለች። እዚያ ረፋድ ነበር። ናናይ ሎርና የታጠበ ልብስ እያጠፉ፣ ለንሳን አዩና ፈገግ አሉ።

እማማ ሲንቄ ስልኩን ተቀበሉ። "ናናይ፣ ማይ ካሳማ ፖ ባ ካዮ?" አጠገብዎ ሰው አለ ወይ ማለት ነው።

ናናይ ሎርና የማያውቋቸውን አሮጊት አዩ። ከኋላቸው የተቀመጡትን ሴቶች አዩ። በእጃቸው የነበረው ልብስ ወደቀ።

"ካይላን?"

"መቼ ነው ይላሉ" አለች ለንሳ። ዘጠኝ ወር እንዳለፋት ነገረቻቸው።

ናናይ ሎርና ቀስ ብለው ተናገሩ። ለንሳ እያነባች ተረጎመችው፦ "'እኛ ለሞተ ሰው ዘጠኝ ቀን እንጸልያለን። አርባውንም እናወጣለን። ዘጠኝ ወር ሙሉ ለልጄ ጤና ስጸልይ ነበር። ሻማዋን ማን ከለከላት?'"

አርባ ማውጣትን እማማ ሲንቄ ያውቃሉ። የባላቸውን አውጥተዋል፤ የልጃቸውንም። ወግ እጠብቃለሁ ብለው የሌላዋን እናት ወግ እንዳስቀሩባት ያን ጊዜ ገባቸው። ይቅርታ የሚለውን ቃል አላጠኑም ነበር። ስልኩን መደቡ ላይ አቁመው ፊቱ ተንበረከኩ።

ናናይ ሎርና ይዩት አይዩት አልታወቀም። የእሳቸው ስልክ ተጋድሞ ጣሪያ ብቻ ያሳያል፤ ልቅሷቸው ግን ይሰማል። ለንሳ ልትዘጋው እጇን ዘረጋች።

"ተዪው! ብቻቸውን ናቸው" አሉ እማማ ሲንቄ።

ሴቶቹ ከዚህ አብረው አለቀሱ። ፀሐይ አጥሩን እስክታልፍ ማንም አልተነሣም። በኋላ እዚያ በር ተንኳኳ፤ የሌላ ሴት ድምፅ ተሰማ፤ ሮጣም ገባች።

"ሰው መጣላቸው" አሉ እማማ ሲንቄ። "አሁን ዝጊው።"