«ጎበዝ!» እያልኩ ቡድን ላፈርስ ነበር

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ኦሃዮ፣ ዌስተርቪል ከተማ፣ የልጆች ቤዝቦል ሜዳ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ... ድምፄ እስካሁን አልተመለሰም።

ልጄ ቤዛ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሴትም ወንድም ያለበት የሰፈር ቡድን ውስጥ ፒቸር ናት፤ ኳሱን የምትወረውረው እሷ ናት ማለት ነው። ጓደኞቿ ስሟን አሳጥረው «ቤዝ» ይሏታል። ስትወረውር ብታዩ... እናቷ ስለሆንኩ አይደለም፣ ዱላ የያዘው ልጅ የሚያወዛውዘው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው።

ችግሩ የኛ ልጆች አይመቱም። በቃ አይመቱም! ዱላውን ይዘው ይቆማሉ፣ ሦስቴ አየር ይመታሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። እኛ ነጥብ ካላገባን ደግሞ ቤዛ አንዲት ኳስ ከተበላሸችባት አለቀ። በዚህ ዓይነት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አንድ ለባዶ ተሸንፈናል።

ቅዳሜ ከቤት ስንወጣ መኪና ውስጥ፣ «ማም፣ ዛሬም እንደዛ ከሆነ አይ አም ዳን» አለችኝ።

«ዳን ማለት?»

«አቆማለሁ። እነሱ ካልመቱ እኔ አንዴም መሳሳት አልችልም። ደከመኝ።»

አንጀቴን በላችው። ማታ ማታ የቤዝቦል ጓንቷን ትራስ አድርጋ የምትተኛ ልጅ እኮ ናት!

እኔ ስለ ቤዝቦል ብዙ አላውቅም። መጮህ ግን ማንም አይችለኝም። ደግሞ ለልጄ ብቻ አይደለም የምጮኸው፣ የቡድኑ ልጅ ሁሉ ልጄ ነው። አንዱ ዱላ ይዞ ሲቆም «ጎበዝ!»፣ ሲስት ደግሞ አይዞህ ለማለት የባሰ «ጎበዝ!» ነው። በተለይ ኦወን ለሚባለው መነጽራም ልጅ አብልጬ እጮህለታለሁ። ሲዝኑን ሙሉ አንዴም መትቶ አያውቅም፤ ያሳዝነኛል።

ጨዋታው ተጀመረ። ቤዛ አራት ዙር ሙሉ ማንንም አላስነካችም። አምስተኛው ላይ አንዲት ኳስ ከፍ አለችባት... ተመትታ አጥሩን አለፈች። አንድ ለባዶ። ፊቷን ሳየው የመኪናው ወሬ ትዝ አለኝ።

ወዲያው የኛ ተራ ሆነና ኦወን ገባ። አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ፣ ሦስቴ ሳተ። እኔም ብድግ ብዬ፣ የሥራ ዩኒፎርሜን እንኳን ሳልቀይር፣ ባለ በሌለ ኃይሌ «ጎበዝ!» አልኩ።

ልጁ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እናቱ ዴቢ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። ፊቷ ቲማቲም መስሎ ወደ እኔ ዞረች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለችኝ። «ልጅሽ ምርጥ ተጫዋች ናት፣ ሁላችንም እናውቃለን። ግን የኔ ልጅ በሳተ ቁጥር ተነስተሽ የልጅሽን ስም መጥራት አለብሽ?»

«የማንን ስም?»

«ጎ ቤዝ! ጎ ቤዝ! ሲዝኑን ሙሉ ይሄን አይደል የምትዪው? ኦወን ትናንት ምን አለኝ መሰለሽ... እኔ ስስት የቤዝ እናት ደስ ይላታል አለኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ጎበዝ... ጎ ቤዝ። በእንግሊዝኛ «በርቺ ቤዝ» ሆኖ ነው የሚሰማቸው! በስመ አብ! ለካ ወላጁ ሁሉ ሲዝኑን ሙሉ በክፉ ዓይን የሚያየኝ ወድዶ አይደለም!

«ዴቢ፣ ኖ ኖ ኖ!» እጇን አፈፍ አድርጌ ያዝኩ። «ጎበዝ አንድ ቃል ነው! በእኛ ቋንቋ በርታ፣ አንተ እኮ ጀግና ነህ ማለት ነው! ለኦወን ነው የምለው፣ ለራሱ ለኦወን!»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ... ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገችና ልጆቹ ወደተቀመጡበት አጥር ሮጠች። የነገረቻቸውን አልሰማሁም። ልጆቹ ግን አንድ ላይ ዞረው አዩኝና በሳቅ ፈነዱ። ቤዛም አየችኝ። እሷ ግን አልሳቀችም።

የመጨረሻው ዙር ደረሰ። አሁንም አንድ ለባዶ እየተመራን ነው። የነሱ ወርዋሪ ደክሞት ሁለት ልጆቻችን ሳይመቱ በነፃ አለፉ፤ አንዲት ኳስ ስታመልጠው ደግሞ ሮጠው ሦስተኛውና ሁለተኛው ቤዝ፣ መቆሚያው ላይ ማለት ነው፣ ደረሱ። የቀረን አንድ ዕድል ብቻ ነው... ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ኦወን!

አንዴ ሳተ። ሁለቴ ሳተ።

ያኔ ከልጆቹ መሀል አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ቤዛ ናት፣ አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ «ጎበዝ ኦወን!» ትላለች። ቀጥሎ ሁሉም «ጎበዝ! ጎበዝ!»፣ ዴቢ «ጎበዝ!»፣ ኮቹ ሳይቀር «ጎበዝ!» ኦሃዮ የሰው አገር መሆኑ ቀርቶ የተወለድኩበት ሰፈር መሰለኝ።

ኦወን መነጽሩን አስተካከለና መታት! ኳሷ መሬት ለመሬት ተንከባልላ በነሱ ሁለት ተከላካዮች መሀል ሾልካ ወጣች። አንዱ ገባ... ሁለተኛውም ተንሸራቶ ገባ! ሁለት ለአንድ አሸነፍን! እኔና ዴቢ ተቃቅፈን ስንዘል ወንበሯን ሰበርነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ቤዛ በመስኮት እያየች፣ «ማም፣ እኔም ስሜን ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ። «አንድ ልጅ በሳተ ቁጥር፣ ቤዝ አንቺ አድኚን የምትዪኝ ይመስለኝ ነበር።»

ልጆቹ ባለመምታታቸው የተሸከመችው አንሶ እኔም ለካ እጨምርባት ነበር።

«እንዴ፣ ጎበዝ የሚለውን ቃል አታውቂውም ነበር?»

«ቤት ውስጥ ብለሽኝ አታውቂም እኮ።»

እውነቷን ነው። ዘጠና ስምንት ስታመጣ፣ ሁለቷ የት ሄደች ነው የምላት።

«ማክሰኞ ልምምድ አለኝ፣ እንዳትረሺ» አለች። ደስ ብሎኝ መኪናውን አቁሜ ሳምኳት።

ይኸው ከቅዳሜ ጀምሮ ሳህን ስታጥብ ጎበዝ፣ ጫማዋን ስታስር ጎበዝ... ዛሬ ጠዋት «ማም፣ ፕሊስ፣ ለኦወንም አስቀሪለት» አለችኝ።