ዘሃራ ከጨለለቅቱ የላከችው ካሴት

ዛሬ ዲላ ገበያ ደርሰን ልጄ ከመኪና አልወርድም አለች። በስልኬ የሚተረክ የልጆች መጽሐፍ እየሰማች ነበር፤ ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፉ ልጆች ውሃ ፍለጋ ይሄዳሉ።

«ወንዙን ሳይሻገሩ እንዴት ልውረድ?» አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ታላቅ እህቴ ዘሃራ መሠረተ ትምህርት ልታስተምር ጨለለቅቱ ስትመደብ ሰባት ዓመቴ ነበር። እሷ ካልመጣች አልበላም ብዬ አስቸገርኩ።

በአባዬ የጭነት መኪና ሹፌር እጅ፣ በራሷ ድምፅ ተረት የቀዳችበት ካሴት ላከችልኝ። «ምድር ሁሉ ተቃጥላ የተረፍነው እኔና አንቺ ብቻ ነን» ብላ ትጀምራለች።

እናቴ «ልጅ እንዲህ ያስፈራራሉ?» ብላ ተቆጣች። ግን አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማች «ለመሆኑ ምን በላችሁ?» ትለኝ ነበር።

በታሪኩ ዱመርሶ የምትባል መንደር ደርሰን ያልተቃጠለ እንሰት አገኘን። እኔም ያን ቀን ምሳዬን በላሁ።

ካሴቱ ከብዙ መሰማት ተበጠሰ።

አሁን እዚያው መኪና ውስጥ ሆኜ ለዘሃራ ደወልኩና ካሴቱን አስታወስኳት።

«እኔም እኮ እዚያ ብቻዬን ፈርቼ ነበር» አለችኝ። «ላንቺ ሳወራ ቀለል ይለኝ ነበር።» ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ልጄ ስልኩን ተቀበለችኝና «አክስቴ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት። ገበያው ቀርቶ ሁለታችንም ሰማናት።

እናንተስ፣ በልጅነታችሁ በጆሯችሁ ብቻ የወደዳችሁት ታሪክ በማን ድምፅ ነበር?