የተሳቢው አንገትና የአማቴ ፍራሽ

ባለቤቴ ተሳቢውን ያመጣ ቀን አማቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አንድ ትራክተር በራችን ላይ ቆመና፣ ከኋላው በሰንሰለት የተንጠለጠለ ረጅም ብረት እየተወዛወዘ ግቢ ገባ። አራት ጎማ ያለው ጠፍጣፋ የጭነት ጋሪ ነው። ከፊቱ ግን ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ፣ ወደ ፊት ተመዝዞ፣ ጫፉ ወደ መሬት የተቆለመመ ወፍራም የብረት አንገት አለው።

«በስመአብ! ይሄ ምን የሚሉት አውሬ ነው?» አሉ አማቴ።

«ተሳቢ ነው እማ። መኪናዋ ትጎትተዋለች» አላቸው ልጃቸው። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር።

ጊዜው በኢሕአዴግ ዘመን፣ በየአቅጣጫው መንገድ የሚሠራበት ነበር። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መንገድ ሲሠሩ የቆዩ ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ፣ ያልፈለጉትን ዕቃ በጨረታ ሸጡ። ባለቤቴም ሌላው ሰው ዞር ብሎ ያላየውን ያንን ተሳቢ ገዛ። ያለችን አንዲት ያረጀች ነጭ ፒክአፕ ናት። በእሷ ከፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች ሩዝ እየጫነ ወረታ ላሉት መፈልፈያዎች ያደርሳል። ሩዙ በየዓመቱ እየበዛ ሲሄድ መኪናዋ ብቻዋን አልቻለችውም። ባለቤቴ በአንድ ጉዞ ማለቅ የሚገባውን ሥራ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ይሠራና፣ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ይጥለዋል።

እኔ ወረታ የመጣሁት ከሰሜን ሸዋ፣ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነው። ሐሳቤ ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር መጠየቅ ነበር። ከዚያ ይህን ሾፌር አገባሁና ከእናቱ ጋር አንድ ግቢ መኖር ጀመርን። አማቴን መጀመሪያ አነጋገሬ ያስቃቸው ነበር። እየቆዩ ግን «ሆዴ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። የወለደችኝ እናቴ ሩቅ ስለነበረች ይቺ ቃል አንጀቴ ድረስ ትገባ ነበር።

አማቴ ወገባቸውን ያማቸዋል። ስንት ዓመት ሙሉ የሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው ሲያርሙ የኖሩ ሴት ናቸው። ደጃፍ ላይ እንኳ የሚቀመጡት በጎናቸው ተደግፈው ነው። አውቶቡስ አይሆንላቸውም፤ የፒክአፗ ጋቢናም ያው ነው። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ከኋላ የጭነት ቦታው ላይ ፍራሽ አንጥፈን ወንዛዬ ፍል ውኃ እንወስዳቸዋለን። እኔ ከራስጌያቸው እቀመጣለሁ፤ መኪናዋ ስትዘል ጭንቅላታቸውን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ሰባት ቀን ተነክረው ሲመለሱ ለሁለት ለሦስት ወር ደህና እንቅልፍ ያገኛሉ።

ከተሳቢው ጋር ዘይት የጠጣ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አብሮ መጥቶ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ እሱን ይዞ አጠገቤ ይቀመጥና «እስቲ ይሄን ንገሪኝ» ይለኛል። እንግሊዝኛ ባውቅም የብረት እንግሊዝኛ አላውቅም፤ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነበር የማነብለት። የማያያዣውን ስም ስተረጉመው «የዝይ አንገት» ሆነ።

«ዝይ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አማቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው።

መዝገበ ቃላቱ ላይ ያለውን አንገተ ረጅም የውኃ ወፍ ሥዕል አሳየኋቸው።

«ይብራ በይኛ! ሩዛችንን የሚጨርሰው ይብራ!» ብለው ወገባቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት የተሳቢው ስም ይብራ ሆነ።

የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ከባድ አልነበረም። ተሳቢን ከፒክአፕ ጋር ለማያያዝ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከመኪናዋ ጀርባ፣ ከኋላ መከላከያው ከፓራውልቱ ሥር መንጠቆ አስሮ መጎተት ነው። በሌላኛው ግን ብርቱካን የሚያህል የብረት ኳስ ከጭነት ቦታው መሀል፣ ከኋላ ጎማዎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ይተከላል፤ የተሳቢው ረጅም አንገት በኋላው መዝጊያ ላይ አልፎ ይመጣና እዚያ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ መኪናዋ ጀርባ ላይ ያርፋል እንጂ ጭራዋን አይጎትታትም።

«ይሄኛው ነው የእኛ!» አለ ባለቤቴ ሥዕሉን በጣቱ እየመታ። «መሀሉ ላይ ነው የሚተከለው።»

እኔ ጣቱ ያረፈበትን ቦታ አየሁ። መሀሉ ማለት የእናቱ ወገብ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ሁለት ቀን በሆዴ ይዤው ቆየሁ። ደስ ብሎት ሲያፏጭ እየሰማሁ እንዴት ብዬ ልናገር? በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ሲያጥብ አጠገቡ ሄጄ «ፍራሹስ?» አልኩት።

«የምን ፍራሽ?»

«የእማዬ።»

የያዘውን ባልዲ አስቀመጠ። የጭነት ቦታውን ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ አየው። «እኔ ልጇ ሆኜ ያላሰብኩትን አንቺ አሰብሽው» አለ።

በማግስቱ ወደ ከተማችን ብረት በያጅ ሄድን። በያጁ የከተማው ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሙስሊም አዛውንት ናቸው፤ ከአስፋልቱ ዳር አነስተኛ የብየዳ ሱቅ አላቸው።

«ጋሼ፣ አንገቱን ቁረጡልኝና ከፓራውልቱ ሥር እንዲታሰር አድርጉልኝ» አላቸው ባለቤቴ።

ተሳቢውን ዞረው ዞረው አዩት። «ይሄን የመሰለ አንገት ለምን ይቆረጣል?»

«ምክንያት አለኝ።»

«እሺ፣ ምክንያትህን አልጠይቅህም። መቁረጡን ግን አልቆርጠውም። ከሥሩ ሌላ ዘንግ በቡሎን አስርልህና ሞክረው። ካልሆነ ይፈታል። ከቆረጥኩት በኋላ ግን እንደነበረ ልመልስልህ አልችልም።»

ስለዚህ አነጋገራቸው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከይፋግ ሩዝ ልንጭን ወጣን። እኔም ትምህርት ስለሌለ ገበያውን ልይ ብዬ ጋቢና ገባሁ። ስንሄድ ባዶ ስለነበርን ደህና ነበር። ስንመለስ ፒክአፗም ተሳቢውም ጢም ብለው ሞልተዋል። ርብ ድልድይ ጋ ስንቃረብ ከፊታችን አንድ አይሱዙ ድልድዩ ላይ ወጣ። ባለቤቴ ፍሬን ነካ ቢያደርግ ተሳቢው ከኋላችን ወደ ግራ ተወረወረ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ቀኝ። የፒክአፗ አፍንጫ ቀለል ብሎ ወደ ላይ ሲነሣ ተሰማኝ።

«መሪው አልታዘዝ አለኝ» አለ በቀስታ።

የጮኸ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አልፈራም ነበር። ፍሬኑን ለቀቀና መኪናዋን ትንሽ ትንሽ እያባበለ ወደ ዳር አወጣት። ከድልድዩ ጥቂት እርምጃ ሲቀረን ቆምን። የተሳቢው አንድ ጎን ከመንገዱ ወጥቶ አፈር ውስጥ ገብቷል፤ ሁለት ሦስት ጆንያም ቁልቁል ተንከባሏል። የአይሱዙው ሾፌር ሮጦ መጥቶ «ተርፋችኋል! ተርፋችኋል!» እያለ ጆንያዎቹን አብሮን አነሣ። ባለቤቴ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ ቁልቁል ወንዙን ያያል። እጁን ያዝኩት።

«እማ እንዳትሰማ» አለኝ።

እያዘገምን ቤት ደረስን። አማቴ ገና ከበር ሲያዩን ፊታችንን አነበቡት። ልጃቸው ሊታጠብ ሲሄድ ጠብቀው ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ ሆዴ። አንቺ መዋሸት አታውቂበትም። ምን ሆናችሁ ነው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ድልድዩን፣ መንጠቆውን፣ ከዚያም ፍራሹን። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ለኔ ወገብ እንዲመች ብሎ ልጄ ርብ ይግባ?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያልጠየቁት ውለታ ከብዷቸው ነበር።

ጠዋት ስነሣ ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አማቴ ደግሞ ከደጃፉ እስከ አጥሩ ይራመዳሉ። ደርሰው ይዞራሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ።

«ድኛለሁ» አሉኝ። «ከእንግዲህ ወንዛዬ የሚባል አገር አልሄድም። ንገሪው፣ የፈለገውን ይትከል።»

ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ግንባራቸው ግን በላብ ርሷል። ክንዳቸውን ልይዝ ብል ገፋ አደረጉኝ። አንድ ዙር ጨመሩ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና፣ ራሳቸው መጥተው ትከሻዬ ላይ ተደገፉ።

«ደከመኝ» አሉ በጆሮዬ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ዓይኑ ቀልቷል። «እማ፣ ተሳቢውን እሸጠዋለሁ። ያለ እሱም ኖረናል» አላቸው።

«አትሸጥም! እንደ በሬ ስትለፋ እያየሁ ልኑር? ይልቅ እኔን በያጁ ዘንድ ውሰደኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«የምተኛበት እኔ አይደለሁም እንዴ? እኔ ሳልሰማ ለምን ይመከራል?»

ፍራሹን ፈትተን መኪናዋ ላይ አነጠፍንላቸውና ወሰድናቸው። በያጁ ቆመው ተቀበሏቸው። አማቴ ከተኙበት ሳይነሡ እጅ ነሷቸውና «ይኸው ተኝቼ ነው የመጣሁት» አሉ። «ራሴ እዚህ ነው፣ እግሬ እዚህ። የሚተክሉትን ብረት እኔ በሌለሁበት በኩል ይትከሉት።»

በያጁ ሜትራቸውንና ጠመኔያቸውን ይዘው ወጡ። ከፍራሹ ዳርና ዳር መስመር አሰመሩ፣ ለኩ፣ እንደገና ለኩ።

«ለሬሳ ሳጥን የሚለኩኝ መሰለኝ እኮ» አሉ አማቴ።

«ገና ነዎት እትዬ! ለሱ እኔ እቀድምዎታለሁ» አሏቸውና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳር ላይ ቢተከል ተሳቢው መኪናዋን ይጥላታል። መሀል መሆን አለበት። መሀሉ ደግሞ የእርስዎ ነው።»

ወርደው አንድ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ሻይ አስመጡ። ሻዩ እጃቸው ላይ እስኪቀዘቅዝ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩ። ከዚያ ተነሥተው መኪናዋ ሥር በጀርባቸው ገቡና ከዚያ ሆነው ተጣሩ።

«እትዬ! ወንዛዬ በዓመት ስንት ጊዜ ይሄዳሉ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ታዲያ ኳሱ ለምን ዓመቱን ሙሉ ተተክሎ ይኖራል? ሩዝ ሲኖር ይግባ፣ እርስዎ ሲሄዱ ይውጣ!»

አቧራቸውን እያራገፉ ወጥተው አስረዱን። ከሥር፣ መኪናዋን በተሸከሙት በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መሀል ወፍራም ብረት ይጋደማል። እሱ ላይ ቱቦ የመሰለ ማስገቢያ ይበየዳል። የኳሱ እግር ከላይ ወደ ማስገቢያው ይወርድና ከጎን በወፍራም ፒን ይቆለፋል። ፒኑ ሲነቀል ኳሱ ይወጣል፤ ቀዳዳው ከወለሉ እኩል በሆነ ክዳን ይዘጋል። ቤት ገብቼ መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይኖር እንደሆነ ፈለግሁ። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም፤ ቀድሞውንም ተቀድደው ነበር።

ሥራው ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ። ባለቤቴ ወፍራሙን ብረት ከባሕር ዳር አመጣ። ሲያልቅ በያጁ ሥራቸውን ለሌላ ሰው አላመኑም። ተሳቢው ላይ ሩዝ አስጭነው፣ ራሳቸው ጋቢና ገብተው እስከ ሐሙሲት ሄደው ተመለሱ። በየመንገዱ «ፍሬን ያዝ! አሁንም ያዝ!» ይሉት ነበር አሉ። ሲመለሱ ወርደው ፒኑን በእጃቸው ነካ አደረጉና «ይሄዳል» ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ሄደም። ይብራ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከፎገራ ሜዳ ስንት ሩዝ እንዳወጣ እንጃ፤ ባለቤቴም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት መግባት ጀመረ። እኔ ዝውውር ሳልጠይቅ ቀረሁ። አማቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ በአራቱም ዓመት ወንዛዬን አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡም።

የመጀመሪያው ጉዞ በኅዳር፣ ሩዙ በሚታጨድበት ወር ነበር። ባለቤቴ ኳሱን ራሱ ነቅሎ በጨርቅ ጠረገና ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው። ክዳኑን ገጥሞ ፍራሹን አነጠፈ። አማቴ ተኝተው በመዳፋቸው ከሥራቸው ዳበሱ።

«የቱ ጋ ነው?»

«ልክ ከወገብሽ ሥር» አላቸው።

«ምንም አይሰማኝም» አሉ እየገረማቸው።

ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ስንጀምር እንደ ወትሮዬ ጭንቅላታቸውን ያዝኩ። እሱ እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ጥቂት ከሄድን በኋላ እጄ ውስጥ ያለው ራሳቸው ከበደኝ። ደንግጬ ብመለከት እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መኪና ላይ ተኝተው ሲያንቀላፉ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር የሚደርሱት።

ወንዛዬ ስንደርስ ባለቤቴ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ኋላ መጣ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ወደ ፍል ውኃው የሚወርዱ ሰዎች ጀሪካንና ፎጣቸውን ይዘው በአጠገባችን ያልፋሉ፤ አንዳንዱ በጠና የታመመ ሰው መስሎት «እግዜር ይማርዎት» ይላል።

«ልቀስቅሳት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ተዋቸው።»

ፀሐይ ፊታቸው ላይ ማረፍ ጀመረች። ኮቱን አወለቀና፣ ከመኪናዋ ጎን ቆሞ በተዘረጋ ክንዱ ጥላ ያዘላቸው። ሲደክመው ክንዱን ይቀይራል። እግሬ ደንዝዟል፤ አልተንቀሳቀስኩም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ኮቱን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ።

«ደረስን እንዴ?» አሉ።

«አሁን ገና መድረሳችን ነው እማ» አላቸው።